አርባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ቆይቷል፣ የገጾቹ ጠርዝ ላይ የቅቤ ወዝ አለ። በ2016 ልጄን ስወልድ እናቴ ደብረ ብርሃን ካለው ቤታችን ይዛው መጣች። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ጥር 12 ቀን 1987፣ ቃና ዘገሊላ፣ ሴት» ይላል። ሴቷ እኔ ነኝ።

ከዚያ በታች ዝርዝር ነው። አመጪዎቹን ትቼ ያመጡትን ብቻ ልገልብጥላችሁ፦ ለጋ ቅቤ 1 ኪሎ። እንቁላል 12። የገብስ ዱቄት። ማር ግማሽ ኪሎ። ዶሮ 1። አብሽ። አጥሚት በፔርሙዝ፣ ሦስት ቀን። ጭኮ። እንቁላል 10። ተልባ። ዶሮ 1። እንዲህ እያለ አራት ገጽ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ «ፋፋ 2» የሚል አለ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ «የጣሳ ወተት፣ ከጅዳ»። ሁለቱንም አስታውሷቸው፣ እመለስባቸዋለሁ።

ይሄ ደብተር የማስታወሻ ደብተር አይደለም፤ የብድር መዝገብ ነው። ለሰርግና ለለቅሶ ማን ምን እንዳመጣ እንደሚጻፈው ሁሉ፣ የአራስም ይጻፋል። ለእናቴ 12 እንቁላል ያመጣችው ጎረቤት ስትወልድ እናቴ ከ12 አታሳንስም። ቁጥሩ የተጻፈው ለዚህ ነው። የሚያጠቡ እናቶች አመጋገብ ሲባል ብዙዎቻችን የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ነው ትዝ የሚለን። እኔ ግን ታሪኩን ከዚህ ደብተር ልጀምር፤ ምክንያቱም ፖስተሩ ከመምጣቱ በፊት እናትን የመመገብ ሥራ ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቱም ሰፈሩ ነበር።

የዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር «ሚያዝያ 2፣ ክርስትና» ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው።

«ከዚያ በኋላስ ምን ትበዪ ነበር?» አልኳት።

«ቤት ያፈራውን» አለች። ትንሽ ቆየችና «ያኔማ ተነሳሁ እኮ» ብላ ጨመረች።

ተነሳሁ። ቋንቋችን እዚህ ጋ የሚገርም ነገር አለው፤ ሕፃኑ ክርስትና ይነሳል፣ እናትየዋ ደግሞ በዚያው ቀን ከአራስነት ትነሳለች። አንድ ግስ ለሁለት ሰው። ሕፃኑ ወደ ማኅበሩ ይገባል፣ እሷ ወደ ማጀቷ ትመለሳለች።

ቀኑን ማን ቆረጠው? ከጥር 12 እስከ ሚያዝያ 2 ብትቆጥሩ 80 ቀን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ክርስትና የሚነሱበት ሥርዓት ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ይመዘዛል፤ እዚያ ወንድ የወለደች 7 ሲደመር 33፣ ሴት የወለደች 14 ሲደመር 66 ቀን ከመቅደስ ትርቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌም የራሱን ምክንያት ይሰጣል፤ አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ ነው ይላል። (ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑን በነገራችን ላይ እወቁልኝ።) እንግዲህ ሕጉ ስለ መቅደስና ስለ ንጽሕና ነው፤ ስለ ምግብ አንዲት ቃል የለውም። ግን መቅደስ የማትገባ አራስ ጾም አትጾምም፣ እንጀራ አትጋግርም፣ ውሃ አትቀዳም። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያርቃት ቁጥር፣ ማጀት ውስጥ ሲደርስ ዕረፍትና ቅቤ ሆነ።

አሁን የኔ ሒሳብ ይጀምራል። በ1987 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 20 ነበር። እናቴ ወንድ ወልዳ ቢሆን ኖሮ 40 ቀኗ የሚሞላው የካቲት 22፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቅቤዋ እዚያው ላይ ይቆማል። ሴት ስለሆንኩ ግን ጾሙን ማጋመስ ብቻ ሳይሆን አልፋ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ቅቤ ያለበት ገንፎ ስትበላ ከረመች። ለሴት ልጅ የሚመታው እልልታ ከወንዱ ያንሳል፤ ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን። በቅቤ በኩል ግን ሴት የወለደች እናት እጥፍ ታገኝ ነበር፣ ይሄን ደግሞ ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

እስቲ ወደ ገንፎው። የገብሱ ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ እየተነሰነሰ፣ በማማሰያ ክንድ እስኪዝል ይገነፋል። መሐሉ ጎድጎድ ይደረግና በርበሬ የገባበት የተነጠረ ቅቤ ይፈስበታል። ትግራይ ውስጥ ጋዓት፣ ኦሮሞ ዘንድ ማርቃ ይባላል፤ አራስ ባለበት ቤት ሁሉ ስሙ እየተቀያየረ ይገኛል። አጥሚቱ ደግሞ ያው ገብስ ወይም አጃ ቀጠን ብሎ፣ ማርና ቅቤ ገብቶበት የሚጠጣ ነው። ሴቶቹ «ወተት ይሞላል፣ ወገብ ያጠናል» ይላሉ። የምታጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ወተት ትሰጣለች፤ ለዚህም ከወትሮው በላይ በግምት 500 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሄንን «ነፍሰ ጡር አንድ፣ የምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ምግብ» ብለው አሳጥረውታል። አንድ ሳህን ገንፎ ከነቅቤው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ቀምሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙ ፈሳሽ፣ ትኩስ ምግብ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ መተኛት፣ ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት። ሥነ ምግብ የሚባል ሙያ ከመምጣቱ በፊት የተገኘ መልስ ነው፣ መጥፎ መልስም አይደለም።

ግን አላጋንን። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ጎመን የለም፣ ካሮት የለም፣ ፍራፍሬ የለም። ደግሞ ደብተሩ የአስተማሪ ሚስት ደብተር ነው፤ ጎረቤት ያላት፣ ጎረቤቶቿም ዶሮ ያላቸው። የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና የወለደችው፣ ባሏ የከዳት፣ አገር ለቃ የመጣችው፣ እነሱ ደብተር የላቸውም። ሥርዓቱ ብድር ነው ብያለሁ፤ ማበደር የማይችል አይበደርም። እና ሰፈሩ ራሱ ሲራብስ? እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን የአገሪቱን ከብት እንደፈጀ ይገመታል፤ ተከትሎ የመጣውን እስከ 1892 የዘለቀ ረሃብ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ የተባለው ያኔ ነው፤ በሬ አልነበረማ። የበሬው ነገር በየታሪክ መጽሐፉ አለ። ላሟ አብራ ስታልቅ ወተቱና ቅቤው አብሮ እንደሚያልቅ፣ በእነዚያ ዓመታት የወለዱ ሴቶች ገንፎ ምን እንደፈሰሰበት ግን የሚጽፍ አላገኘሁም። ጡታቸውን ግን አጥብተዋል፤ ያንን የማውቀው እኛ ስላለን ነው።

እዚህ ጋ ስለ ወተቱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እናት ብትራብም ወተቷ ቶሎ አይነጥፍም። ካልሲየሙ ከምግቧ ካልመጣ ከአጥንቷ ይመጣል። ብረትና ፎሌትም እንዲሁ፣ ወተቱ ውስጥ ያለው መጠን ብዙም አይወርድም፤ የሚወርደው የእሷ ክምችት ነው። ገላዋ ለልጁ ሲል ራሱን ያበድራል ማለት ነው፣ ያውም ደብተር ሳይዝ። ሌሎች ንጥረ ነገሮች ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። ቫይታሚን ኤ፣ አዮዲን፣ አብዛኞቹ የቢ ቫይታሚኖች እሷ ጋ ካነሱ ወተቱም ላይ ያንሳሉ።

ይሄ የታወቀበት መንገድ ደስ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1898 ሂሮታ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ቤሪቤሪ የያዛቸው እናቶች የሚያጠቧቸው ሕፃናት በድንገት ሲታመሙ፣ ጡት ሲከለከሉ ደግሞ ሲድኑ አየና ጻፈው። ወተቱ መርዝ ሆኗል ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። መርዝ አልነበረበትም፤ የጎደለ ነገር ነበር። እናቶቹ የሚበሉት ተፈትጎ ነጭ የሆነ ሩዝ ነው፣ ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከገለባው ጋር ተጥሏል። ከአሥር ዓመት ትንሽ ዘግይቶ ፊሊፒንስ ውስጥ ይሞቱ የነበሩ ሕፃናት ከሩዝ ገለባ በተጨመቀ ነገር ይድኑ ጀመር፤ ቲኪቲኪ ይሉታል። ትልቅ ግኝት ነው። ጠብታዋ የተሰጠችው ግን ለሕፃኑ ነው። እናትየዋ ነጭ ሩዟን መብላት ቀጠለች። (ጤፍ ለመፈተግ ማነሱ በዚህ በኩል ጠቅሞናል፤ እንጀራ ከነገለባው ነው የሚበላው።)

እዚህ ላይ ያየሁት ነገር ከዚያ በኋላ የትም ብሄድ ይከተለኛል፤ ሳይንሱ የእናትን ሳህን ፍለጋ ይነሳና መንገድ ላይ ሕፃኑን ሲያገኘው እዚያው ይቀራል። ደብተሩ ውስጥ ያለው «ፋፋ 2» ይሄንኑ ነው የሚያሳየው።

ሲሲሊ ዊሊያምስ ጃማይካ የተወለደች እንግሊዛዊት ሐኪም ናት። በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ስትሠራ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳ፣ ቆዳቸው የሚላጥ ሕፃናት ይመጡላት ነበር። ሌሎች የሚያውቁት በሽታ ነው ሲሉ እሷ እናቶቹን ጠየቀች፤ እነሱም በጋ ቋንቋ ስሙን ነገሯት፦ ክዋሺዮርኮር። ተከታይ ልጅ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው፤ ጡቱን የተነጠቀው ልጅ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1935 ይሄን ስም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣችውና ዓለም ሁሉ ወሰደው። እናቶቹ ያወጡት ስም ነው እንግዲህ።

ያው በሽታ አዲስ አበባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፣ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ጡት የጣለ ልጅ ሽሮ ፍትፍት ብቻ እየበላ እንዳያልቅ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ተቀላቅሎ፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት የተሠራው ዱቄት ፋፋ ተባለ። ከዚህ የተሻለ የምርት ስም በአማርኛ የወጣ አይመስለኝም፤ ትእዛዝም፣ ምኞትም፣ ምርቃትም ነው። ልጆች እየሞቱ ነበርና ከልጅ መጀመራቸው ትክክል ነው፣ በዚህ አልከራከርም። እናቴም «ጠቅሞሻል» ነው የምትለው። ግን ደብተሩን ሳገላብጥ ያስተዋልኩት፣ ከአራት ገጽ ስጦታ ውስጥ ለእኔ የመጡት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ነው፤ ፋፋውና የጣሳ ወተቱ። የቀረው በሙሉ ለእሷ ነው። ባለፈው ዓመት እኔ ስወልድ የመጣልኝን ልንገራችሁ? ዳይፐር፣ ልብስ፣ ዳይፐር፣ የሕፃን ቅባት፣ አሻንጉሊት፣ ዳይፐር፣ ገላ መታጠቢያ ሳፋ። ቅቤ ያመጣችው እናቴ ናት፤ እንቁላል አንዲት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ። ጓደኞቼ ስስታም ሆነው አይደለም። አራስ መጠየቅ ሕፃን መጠየቅ ስለሆነ ነው።

ወደ ጣሳው ልምጣ። የእናቴ አክስት ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበርና የላከችው የዱቄት ወተት ነው። እናቴ አልከፈተችውም፣ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። ወተት ሞልቷት ስለነበር አስፈላጊ አልነበረም፤ ግን ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዳላት ይናገርላታል። ያ ጣሳ በኋላ ተከፍቶ እንግዶች ሻይ በወተት ጠጡበት፣ ባዶውም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የበርበሬ ነበር።

ሌላ አገር ላይ ጣሳው እንዲህ ቡፌ ላይ አልቀረም። ያችው ዊሊያምስ ከጋና ወደ ማላያ ተዛውራ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ ሮታሪ ክለብ ፊት ቆማ «ወተትና ነፍስ ግድያ» የሚል ርዕስ ያለው ንግግር አደረገች። ስኳር የገባበት የቆርቆሮ ወተት ለአራስ ሕፃናት እንደሚሆን ተደርጎ መሸጡን ግድያ ነው አለች፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ጃፓኖች ሲንጋፖርን ያዙ፣ እሷም ቻንጊ እስር ቤት ገባች። በኋላ እንደተናገረችው እዚያ 20 ሕፃናት ተወለዱ፣ 20ዎቹም ጡት ጠቡ፣ 20ዎቹም ተረፉ። ይሄ ታሪክ ለጡት ወተት ምስክር ሆኖ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ መሆንም አለበት። እኔ ግን ሳነበው ስለ ሌሎቹ 20 ሰዎች ነው ያሰብኩት። በእስረኛ ራሽን 20 ልጅ ያሳደጉት ገላዎች ከእስር ሲወጡ አጥንታቸው ምን ቀርቶት ነበር?

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በ1970ዎቹ የዱቄት ወተት ኩባንያዎች ነጭ የለበሱ ሻጮች በየማዋለጃው እየላኩ ገበያ ሲያሰፉ፣ በቆሸሸ ውሃና በቀጠነ ዱቄት ልጆች ሞቱ። ተቃውሞው ጋለ፣ በ1977 ኔስሌ ላይ የግዢ ማዕቀብ ተጠራ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትክ ምርቶችን ግብይት የሚገዛውን ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ፤ ተቃውሞ ድምፅ የሰጠችው አሜሪካ ብቻ ናት። ደንቡ ጡትን ከገበያ ተከላከለ፣ እሰየው። እናትየዋ ምን እንደምትበላ ግን የደንቡ ጉዳይ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ እንዳላልፍ፤ ጨው። እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ አዮዲን የገባበት ጨው የሚመጣልን በአሰብ በኩል ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ጨው አዞርን፤ ያ ጨው ደግሞ አዮዲን አልነበረውም። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ የሚሆኑ ቤቶች አዮዲን ያለው ጨው ተገኘባቸው። በመሐል ስንት እናት እንቅርት አብጦባት፣ ወተቷም አዮዲን አንሶት እንዳጠባች አስቡት። ማንም ገንፎውን አላበላሸባትም፤ በአንድ ወደብ መዘጋት ብቻ ጨዋ ተለወጠባት። የእናት ሳህን እስከ አሰብ ይደርሳል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ። ልጄ ወንድ ነው። የተወለደው ጥር 20 ቀን 2016 ነው፣ 40 ቀኑ የሞላው የካቲት 30፣ ቅዳሜ። እሑድ ቅበላ ሆነ። ሰኞ መጋቢት 2 ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ 80 ቀን ያገኘችበት ሒሳብ ለእኔ ሲሆን ለጾሙ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ጣለኝ። እኔም ጾምኩ። ማንም ጹሚ አላለኝም፤ ክርስትና ተነስቷል፣ ተነስቻለሁ፣ የተነሳ ሰው ደግሞ ይጾማል። እስከ ስድስትና ሰባት ሰዓት እቆያለሁ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ልጁ ሌሊት አራት ጊዜ ይጠባል። ፀጉሬ በማበጠሪያ ሲወጣ ሁሉም እናት ነው አልኩ። ሦስተኛ ወሩ ላይ ለክትባት ስሄድ ልጄን መዘኑት፣ ቁመቱን ለኩት፣ ጭንቅላቱን ለኩት፣ «ጎበዝ እናት» አሉኝ። ምን ትበያለሽ ያለኝ የለም። እኔም አልነገርኩም። ልጁ ፋፍቶ ነበራ!

የወሊድ ፈቃዴ በ90 ቀኑ አለቀና ሰሙነ ሕማማት ሰኞ ሥራ ገባሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በፊት የቢሮው ደረጃ ላይ ዓይኔ ጨለመ። አልወደቅኩም፣ የደረጃውን ብረት ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዲት ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ውሃ አመጣችልኝና «ታጠቢያለሽ አይደል እንዴ? ምን ሆነሽ ነው የምትጾሚው?» አለችኝ። እሷ ረመዳንን ሁለት ጊዜ እያጠባች ስላሳለፈችው ፈጥራ በልታ፣ በኋላ ቀዷዋን አውጥታለች።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ላይ ዝም አለች፣ ከዚያ «ለንስሐ አባትሽ ነግረሻቸዋል?» አለችኝ። አልነገርኳቸውም ነበር። በማግሥቱ ነገርኳቸው። የሚሉኝን ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የኔን ፊት አይተው «ማን ጹሚ አለሽ ልጄ?» አሉኝ። «ሕፃኑ በአንቺ በኩል ይበላል። ብዪ። ጸሎቱን ያዢ።»

ይሄን ያህል ቀላል ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ ከማን ጋር ስከራከር እንደከረምኩ እስካሁን አላውቅም። ቁጥሩ ውስጤ ነበር፤ ደብተር ላይ የተጻፈ፣ 40 ሲሞላ የሚዘጋ። እንደ እኔ ፈቃድ እንደሚሰጣቸው እያወቁ ሳይጠይቁ የሚጾሙ የሚያጠቡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዷ ታፍራለች፣ አንዳንዷ ጎረቤት ምን ይላል ትላለች፣ አንዳንዷ ደግሞ በልቧ ፈልጋው ነው፣ ለእሷ እኔ ምንም የምላት የለኝም። በደንብ በልታ ለከረመች ሴት ሁለት ወር ያለ ሥጋና ወተት ማለፍ ብዙ ላይጎዳት ይችላል፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ችግሩ ከጾሙም በፊት ያልበላችው ናት። በዚያው በ2016ቱ ጥናት (እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከተገቢው በታች የከሱ ነበሩ። የእነሱ ሳህን በፍስክም ሆነ በጾም ያው ነው።

እንግዲህ ቁጥሮቹን ደርድሯቸው። ሥርዓቱ 40 ወይም 80 ይላል። የሠራተኛ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ከፍ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይላል። ዕርዳታ በሚሰጥባቸው ወረዳዎች የምታጠባ እናት ክንዷ ተለክቶ አልሚ ዱቄት የሚሰጣት ልጇ 6 ወር እስኪሞላው ነው። አንዱ የሌላውን አያውቀውም። ወተቱ ግን አንድ ነው፣ ከአንድ ገላ ነው የሚወጣው፣ 41ኛውም ቀን ላይ፣ 91ኛውም ቀን ላይ፣ ሰባተኛውም ወር ላይ።

እናቴ የፋሲካ ማግሥት ከደብረ ብርሃን መጣች። ኩርቱ ፌስታል ሙሉ የገብስ ዱቄት፣ በሌላው ቅቤ። «አራስ ነኝ እንዴ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፣ ማማሰያ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። በልቼ ስጨርስ ደብተሩን አወጣሁና ከ«ሚያዝያ 2፣ ክርስትና» በታች፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባዶ የቆየው መስመር ላይ «ሚያዝያ 28 ቀን 2016፣ ገንፎ» ብዬ ጻፍኩበት።

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጇ አምስት ወሯ ነው። 12 እንቁላል ነው የያዝኩት። በሩን ከፍታ ፌስታሉን ስታይ ሳቀች፤ «አንቺ፣ እኔ እኮ ከተነሳሁ ቆየሁ!» አለችኝ። ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ልጅቷን ተቀበልኳትና ሦስቱን ጠበሰች። ምድጃው አጠገብ ቆማ መብላት ጀመረች፣ ከዚያ ወንበር ሳበች።